እህል የተወው ባለወፍጮ

እንድሪስ ይመር በሦስት ወር ውስጥ አሥራ አራት ኪሎ ቀነሰ። ከኪሎው ጋር የሠላሳ ዓመት ወዳጁ አሻግሬም አብሮ ሊሄድበት ነበር። ኪሎውን ሚዛን ላይ ቆሞ ለሐይቅ ከተማ ሁሉ አሳይቷል። የወዳጁን ነገር ግን በራሱ አፍ ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም፤ ስለዚህ እኔ ላውራው። ካነበበው ይቆጣ፤ ቁጣ አያወፍርም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከእንድሪስ ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ከማሽኔ ላይ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እሱን ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ የሰውን ውፍረት ከሐኪም ቀድሞ ያውቃል። የሠርጉን ሱሪ ስሰፋለት ወገቡ ሰባ ስድስት ነበር። አምና ሜትሬን ሳዞርበት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆመ።

"ሜትርህ አጥሯል፣ ሰላሀዲን" አለኝ።

ወፍጮ ቤቱን ከአባቱ ነው የወረሰው። ቅንድቡ ላይ ያለው ሽበት ይሁን ዱቄት አይለይም። ሥራውን ግን ያውቃል። ዱቄቱ ከወፍጮው አፍ ሲወርድ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል፣ ከዚያ ትንሽ በምላሱ ጫፍ ይቀምሳል። ጣት ያለፈውን ሻካራ ምላስ ይይዘዋል ይላል። ድንጋዩ ጥርሱ ማለቁን፣ ፊቱ እንዲሻክር መወቀር እንዳለበት የሚያውቀውም በዚሁ ምላሱ ነው።

ውፍረቱ ጉልበቱን በላው። መስጊድ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ከጀመረ፣ ግንባሩ ለሱጁድ መሬት ከነካ ሁለት ዓመት አለፈው። አንድ ቀን ከዙህር ሶላት ስንወጣ፣ "ጌታዬ ፊት ወንበር ስቤ ስቀመጥ የቀበሌ ሊቀመንበር የሆንኩ ይመስለኛል" ብሎኝ ዓይኑ እርጥብ አለ። ሳቄን ዋጥኩ።

ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ ያለችው ልጅ ጉልበቱን ዳሰሰች፣ መዘነችው፣ ሦስት ነገር አዘዘችው፦ የምትበላውን ቀንስ፣ ስኳርና ለስላሳ ተው፣ በእግርህ ሂድ። መድኃኒት እንኳ አልጻፈችለትም። ምክሩ ቀላል ነበር፤ ቀላል ስለሆነ ናቀው።

በዚህ መሃል ነው የእህቱ ልጅ ሙአዊያ ከጅዳ የመጣው። ሰባት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ክንዱን የምታንቅ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን በዘንግ ላይ ሰክቶ፣ የሚበላውን ሁሉ ከመብላቱ በፊት ለስልኩ እያሳየ ነበር። በሁለተኛው ቀን አጎቱን ግቢ ውስጥ አስቀምጦ ማስተማር ጀመረ። የእንድሪስ ሚስት ሙጂባና እኔ ነበርን።

"አጎቴ፣ እንጀራ ስኳር ነው። ዳቦ ስኳር ነው። ቆሎም፣ ገንፎም፣ ሩዝም ስኳር ነው።"

"ሻይ ውስጥ የምጨምረውስ?" አለ እንድሪስ።

"እሱማ ስኳር ነው።"

"ሁሉም ስኳር ከሆነ፣" አለች ሙጂባ ጎመኗን እየቀነጠሰች፣ "ሰዉ ቀበሌ በር ላይ ለስኳር የሚሰለፈው ምን ጎድሎት ነው? ቆሎውን ሻይ ውስጥ አይጨምርም?"

ሙአዊያ አልሳቀም። የአዲስ ትምህርት ሰባኪ አይስቅም። ከእህል ወገን የሆነ ነገር ጭራሽ አፉ እንዳይገባ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ጎመን፣ አቮካዶና ዓሣ ብቻ እንዲበላ ነገረው። በሁለት ወር ጉልበቱ እንደ ወጣት ይሆናል አለ። "በሁለት ወር ሱጁድ ትወርዳለህ" ሲለው የእንድሪስ ፊት ተለወጠ። ያን ቃል ባይጨምርበት ኖሮ እንድሪስ ስቆ ይሸኘው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሳልደብቅ ልናገር፤ እኔም አብሬው ገባሁበት። ቦርጭ አለኝ፤ ደግሞም ጎረቤቴ ቀጥኖ እኔ ፊት ለፊቱ ተነፍቼ መቀመጤ ከበደኝ። በአምስተኛው ቀን ራሴን ፈለጠኝ። በዘጠነኛው ቀን የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። አፌ ደግሞ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ጀመር። ባለቤቴ ዙለይሃ አፍንጫዋን ይዛ፣ "አንተ ሰው፣ ምን በልተህ ነው?" አለችኝ።

"ያልበላሁት ነው የሚሸተው።"

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን እሷ ገበያ ስትሄድ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ያደረ የማሽላ ቂጣ አገኘሁ። ቆሜ በላሁት። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ፣ አልሀምዱሊላህ ብዬ ጨረስኩ። ያን ቂጣ ያበጀች ሴት፣ ማሽላውን ያጨደው ገበሬ፣ ያበቀለውም ጌታ በዚያች ሰዓት የተመሰገኑትን ያህል ከኔ አፍ ተመስግነው አያውቁም። ትምህርቱ ለኔ ያስገኘልኝ ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም አልንቀውም።

እንድሪስ ግን ጸና። ሙአዊያ ስልኩ ላይ በከፈተው ማኅበር ውስጥ "የቤተሰባችን ጀግና" ተባለ። በየጁምዓው ከሶላት መልስ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሰው ከቦ ያያል።

"ስንት ሆነ?"

"መቶ አንድ!"

"ተበጥሮ ነው ሳይበጠር?" ይላል አንዱ ባጃጅ ነጂ። "ለመሆኑ የማን እህል ነው? ይፈጭና እንሂድ እንጂ!"

እንድሪስ ይህን ሁሉ ችሎ ቢተው መልካም ነበር። መስበክ ጀመረ እንጂ። ጤፍና ስንዴ ተሸክመው ለመጡ ሴቶች ወፍጮው በር ላይ ቆሞ እህል መርዝ መሆኑን ያስተምራል። ዓሣ አስጋሪዎች ሠፈር ሄዶ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ያለ ዳቦ አዘዘ፤ አሳላፊው ዳቦው ያለቀበት መስሎት ይቅርታ ጠየቀው። ከሁሉ የባሰው ዱቄት መቅመሱን ተወ። ምላሱ ላይ የምታርፈው ያቺ ቅንጣት የሁለት ወር ልፋቱን ታፈርሰዋለች ብሎ ፈራ።

ጎረቤታችን ራህመት አንድ ቀን የፈጨላትን መልሳ አመጣችው። "እንድሪስ፣ ይህ ዱቄት ነው ወይስ የመንገድ ሥራ ጠጠር? ቅመሰው እስቲ።"

"አልቀምስም።"

"የማይቀምስ ባለወፍጮ!" አለች ወደኔ ዞራ። "ሰላሀዲን፣ አንተም ነገ መርፌ እፈራለሁ በለን።"

ድንጋዩ ጥርሱ አልቆ ነበር። የሚወቅረው ደግሞ አሻግሬ ነው።

አሻግሬ ከአምባሰል ተራራ ግርጌ ካለች መንደር ነው። ገበሬ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ መውቀር ከአባቱ የተማረው የጎን ሥራው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ መውቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ በሚኒባስ ይመጣል፣ ድንጋዩን ገልብጦ ሲወቅር ይውላል፣ እንድሪስ ቤት በልቶ ይሄዳል። እንድሪስም በሠርግ በለቅሶ እሱ ቤት ይሄዳል። አሻግሬ ክርስቲያን ነው። ሥጋ ላይ ስንደርስ እነሱ የነሱን፣ እኛ የኛን እንበላለን፤ አያቶቻችን ያቆዩት ነው፣ ማንም አይቀየምበትም። እህሉ ግን የጋራ ነው። ዳቦው፣ ቂጣው፣ ሽሮው፣ ንፍሮው በአንድ ትሪ ይቀርባል፤ አብሮ መብላት ሲባል እኛ ዘንድ እሱ ነው። ሙአዊያ ከጅዳ ያመጣው ትምህርት የጋራውን ቆርጦ የሚለየንን ብቻ ነው የተወልን። ይህ ግን ያን ጊዜ ለኔም አልታየኝም።

የአሻግሬ እናት ሞቱ። እንድሪስና እኔ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ለለቅሶ ወጣን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ለነሱ የጾም ቀን። ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን፤ ስንዴና ሽምብራ የተቀቀለበት ንፍሮ በትሪ ዞረ። አሻግሬ ራሱ፣ ዓይኑ አብጦ፣ ትሪውን እንድሪስ ፊት ይዞ ጎንበስ አለ።

እንድሪስ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ይቅርብኝ። እኔ አልበላም።"

አሻግሬ የሰማ አልመሰለውም። ትሪውን ጠጋ አደረገለት።

"አልበላም፣ አሻግሬ።"

ትሪውን ወደኔ አዙሮ አለፈ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። "ነገሩ እንዲህ ነው" ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። የሰው እናት ሬሳ ሳይርቅ "ይህ ሰው ለመቅጠን ነው" ብዬ ልጀምር? አፈርኩና ንፍሮዬን ቆረጠምኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ በማንም ላይ አላላክከውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይሻል ነበር። እንድሪስ ራበው። ከአጥሩ ኋላ ዞሮ ከኪሱ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ መላጥ ጀመረ። ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት አየችው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እምቢ ብሎ፣ በረቡዕ ቀን፣ ከአጥር ኋላ ከቤቱ ያመጣውን እንቁላል የሚበላ እስላም! እሷ ወደ ድንኳኑ ሳትመለስ ወሬው ቀድሟት ደረሰ።

የሚመጣበት ወር ደረሰ፤ አሻግሬ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም። ከዚያ በሚኒባስ ረዳት ቃል ላከ፦ እጄን አሞኛል፣ ሌላ ወቃሪ ፈልግ። እንድሪስ ሱቄ መጥቶ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሱሪው እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎበታል።

"እጁን አይደለም ያመመው" አለኝ።

"አይደለም።"

"ሠላሳ ዓመት፣ ሰላሀዲን። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰባት ቀን ከደጄ አልተነሳም።"

በሳምንቱ አሻግሬን ገበያ ውስጥ አገኘሁትና ያን ቀን የዋጥኩትን ቃል አወጣሁ። እናንተን ተጸይፎ አይደለም፣ ሰውነቱን ለመቀነስ እህል ትቶ ነው አልኩት። እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር።

"ለመቅጠን?" አለ። "በእናቴ ለቅሶ?"

"ጉልበቱን አሞት..."

"ስማ፣ ሰላሀዲን። በሰባ ሰባት እናቴ ይቺኑ ንፍሮ በፍሬ ቆጥራ ነው ያደለችን። ለኔ ዘጠኝ፣ ለእህቴ ዘጠኝ። ለራሷ ስንት እንደተወች አላየሁም። እህቴ አልተረፈችም። እንድሪስ ይህን ያውቃል፤ እኔው ነኝ የነገርኩት። በሃይማኖት ተጸይፎኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለሱ አምላክ አለው። ጠግቦ ነው የተወው?"

በወሎ ምድር እህልን መርዝ ብሎ መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ሙአዊያ አያውቅም፤ ያኔ አልተወለደም። እኛ ግን ተወልደን ነበር።

ለእንድሪስ ቃል በቃል ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። "ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ" አለ።

በማግሥቱ ከሚኒባስ ወርደን ዳገቱን በእግር ወጣን። እውነቱን ለመናገር እንድሪስ እንደ ድሮው አላለከለከም፤ እኔ ነኝ ያለከለክሁት። ይህን ለሙአዊያ እንዳትነግሩት። በትከሻው ላይ አንድ ከረጢት ነበር። ምን እንደያዘ አልጠየቅሁትም፤ እንቁላል እንዳይሆን ብቻ ዱአ አደረግሁ።

አሻግሬ እንግዳ ቤቱ ስለመጣ ተነሥቶ ተቀበለን። የአሻግሬ ሚስት እትዬ የሻረግ ውኃ አመጣችልን። ከውኃው በኋላ ምንም አልመጣም። እምቢ ያለህ ሰው ፊት ሁለተኛ ገበታ አይቀርብም፤ ይህንንም ሁላችን እናውቃለን። ስለ ዝናብ ተጠያየቅን። ስለ በሬ ተጠያየቅን። ከዚያ የምንጠያየቀው አለቀ።

እንድሪስ ጉሮሮውን ጠራረገ። "የሻረግ፣ ራበኝ" አለ።

የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው በሰው ቤት ተቀምጦ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ባሏን አየችው።

"እኛ ቤት እንቁላል የለም" አለ አሻግሬ።

"ንፍሮ ነው የምፈልገው።"

"ንፍሮው አለቀ። ሰው በላው።"

እንድሪስ ከረጢቱን ፈታ። ከወፍጮ ቤቱ ያመጣው ስንዴና ሽምብራ ነበር። "ቀቅዪልኝ። እስኪበስል እቀመጣለሁ።"

የአሻግሬ ፊት ጠቆረ። "የራስህን እህል ይዘህ መጣህ? አሁንም የኔን አልበላም ነው የምትለው?"

ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እንድሪስ እንዲህ ያለ ነገር አላሰበም ነበር፤ አስቦ የሚያውቀው ለወፍጮው ብቻ ነው። ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ተነሣች። ከረጢቱን ከእጁ ነጠቀች፣ ከጓዳ የራሷን ስንዴ በሰፌድ አመጣች፣ ሁለቱን በአንድ ድስት ውስጥ ገልብጣ በእጇ አማሰለችው።

"በሉ እንግዲህ" አለች ድስቱን ፊታቸው አስቀምጣ። "የማን የማን እንደሆነ ለዩልኝ። ሁለት ሽማግሌ!"

ድስቱን ይዛ ወጣች።

ንፍሮ ቶሎ አይበስልም፤ ለዚያ ቀን ጥሩ ሆነ። እስኪበስል የዓሥር ሶላት ደረሰ። እንድሪስና እኔ ግቢው ውስጥ አሻግሬ ባነጠፈልን ቁርበት ላይ ሰገድን። ወንበር አልነበረም። እንድሪስ ሱጁድ ሲወርድ በጎን አየሁት፤ ማየት አልነበረብኝም። ቀስ፣ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ግንባሩ ቁርበቱን ነካ። ከሁለት ዓመት በኋላ። እኔ ቀና አልኩ፤ እሱ አላለም። ወረድኩ፣ ተነሣሁ፤ እሱ እዚያው ነው።

አሻግሬ ከደጃፉ ሆኖ ሲያይ ቆየ። "ጸሎቱ ነው ወይስ ጉልበቱ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሶላት ላይ ስለሆንኩ መልስ የለም። "ሰላሀዲን! ጸሎቱ ነው ወይ?" አሁንም ዝም። ሲጨንቀው መጥቶ፣ በሁለት ብብቱ እጁን አስገብቶ፣ እያቃሰተ አቆመው።

"አንተ!" አለ እያለከለከ። "አሥራ አራት ኪሎ ቀንሰህ ነው ይህን የምታህለው?"

እንድሪስ ፊቱ በእንባ ርሶ ይስቅ ነበር። ሶላቱን ተደግፎ ጨረሰ፤ ጌታዬ ይቀበለው።

ንፍሮው ሲመጣ አሻግሬ የመጀመሪያውን እፍኝ በእንድሪስ መዳፍ ላይ ቆጥሮ አደረገ። ዘጠኝ ፍሬ። እንድሪስ አየው፣ ቢስሚላህ አለ፣ አንድ በአንድ ቆረጠመው። ዘጠነኛዋን ከዋጠ በኋላ ነው አሻግሬ ትሪውን ወደ መሃል የገፋው።

"መርዙ እንዴት ነው?"

"ጨው ያንሰዋል" አለ እንድሪስ።

አሻግሬ በሳምንቱ መውቀሪያውን ጠቅልሎ መጣ። ድንጋዩ ጥርስ አወጣ፣ እንድሪስ መቅመስ ጀመረ፣ ራህመትም መርቃው ሄደች። አሁን ያቺ የጤና ጣቢያ ልጅ ያለችውን ያደርጋል፦ እንጀራውን ከግማሽ ይተዋል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ከሱብሒ በኋላ በአርዲቦ ሐይቅ መንገድ ይሄድና ይመለሳል። ዲናችንም ሆድህን ሁሉ አትሙላ ብሎናል፤ ለዚህ ጅዳ ድረስ መላክ አያስፈልግም ነበር። ሱጁድ አንዳንድ ቀን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ጉልበቱ እምቢ ይለዋል። ሙአዊያ ደግሞ ትምህርቱን ለውጦ አሁን በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ሳይበሉ መዋልን ያስተምራል። ዙለይሃ ሰምታ፣ "እኛ ሰኞና ሐሙስ ስንጾም ይሄ ልጅ የት ነበር?" አለች።

ከቀነሰው ስድስቱ ኪሎ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት፣ በቀጠነ ጊዜ ያጠበብኩለትን ሱሪ ይዞ መጣ፤ ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ፣ "ትንሽ ብትለቀው" አለኝ። ገልብጬ አሳየሁት። ሳጠብበው ጨርቁን ከስፌቱ ውስጥ አጥፌው ነበር እንጂ አንዲት ጣት ጨርቅ አልቆረጥኩበትም።

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

"ያኔ ሚዛን ላይ ነበርክ" አልኩት፤ መቀሴን አነሣሁና ክሩን መፍታት ጀመርኩ።